የፊት ጎማው ዳዶ

ጎፋ፣ ግንቦት 1990 ዓ.ም.

ጥፋተኛው ወጋየሁ ነው። ይህን ከሰላምታ አስቀድሜ የምጽፈው፣ ደብዳቤውን ሳትጨርሺ ብትጥዪው እንኳ ይቺን አንዷን አውቀሽ እንድትጥዪው ነው። እኔና አንቺ ለቅሶ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠን እንደምን ዋልሽ ሳንባባል የተነሣን ሴቶች ነን። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ እሱ ነው። የወደቀውም በገዛ እጁ ነው። ውሻ አላደናቀፈውም።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። ጣውንቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ ደህና ናቸው? ትልቋ ትምህርቷን በርትታ ትማራለች ወይ? ትንሹን ጉሮሮው ያሠቃየዋል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ተሽሎት ከሆነ ፈጣሪ ይመስገን። እኔን ብትጠይቂኝ ደህና ነኝ። ጠዋት ስነሣ ወገቤን ይይዘኛል እንጂ እጄ እንደ ድሮው ነው፤ ዓይኔም ክር በመርፌ ያስገባል። ሱቄም እንዳለ አለ። የሠፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ "እማማ፣ አንድ ዙር! እማማ፣ አንድ ዙር ብቻ!" እያሉ ብስክሌት ይከራዩኛል፤ አጣምመው ይመልሱልኛል፤ እኔም ሰድቤያቸው አቃናዋለሁ። ኑሮዬ ይኸው ነው፤ አላማርርም፤ ባማርርም ላንቺ አልነግርሽም።

ጣውንቴ ብዬ ስለጠራሁሽ አትቆጪ። እህቴ እንዳልልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ልጄ እንዳልልሽ ዕድሜሽ ቢፈቅድ ሆዴ አይፈቅድም። ወይዘሮ እገሊት ብዬም እንዳልጽፍ የሩቅ ሰው አይደለሽም። የጽሑፌ መጎርበጥም አይግረምሽ፤ ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። በመሠረተ ትምህርቱ ዘመን ቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ የልጅ ልጄ ሊሆን ከሚችል አስተማሪ ፊት "ሀ" ስል፣ ወጋየሁ በመስኮቱ እያየ ይስቅ ነበር። የሳቀው ይሳቅ፤ ዛሬ ጉዱን የምጽፈው በዚያው ፊደል ነው። ደብዳቤ ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ እንዳላስጽፍ ነገሩ የሌላ ሰው ጆሮ የሚገባው አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ደጄ ላይ ተቀምጬ የተጣመመ ቸርኬ ሳቃና ሀኒፋ ጮኸች። ሀኒፋ ከጎኔ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት፤ አፏ አያርፍም። "አንቺ! የጣልሽው ዕቃ በእግሩ ተመልሶ እየመጣልሽ ነው፣ ወላሂ!" አለችኝ። ቀና ስል ወጋየሁ ነው። ወደ አንቺ ከሄደ ወዲህ የዚህን ሱቅ ደፍ ረግጦ አያውቅም። በዚህ መንገድ ጠዋት ማታ ቢያልፍም አንገቱን ደፍቶ በወዲያኛው ጥግ ነበር የሚያልፈው። ያን ቀን ግን ብስክሌቱን እየገፋ፣ ትንሽ ተራምዶ እየቆመ፣ ቆሞ እየተነፈሰ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። "እንደምን ዋልሽ" አለኝ። "ምን ልትከራይ መጣህ?" አልኩት። "የፊት ጎማዬ ይወላገዳል፤ ታቃኚልኝ እንደሆነ ብዬ ነው" አለኝ። ሀኒፋ ከወዲያ ሆና "እሱን ሳታቃኝ ነው ጎማውን የምታቃናው?" አለች። ወጋየሁ እንደ መሳቅ አለ። እኔ አልሳቅሁም።

ልቡ መድከሙን፣ ሐኪሙ ዳገት በፔዳል እንዳይወጣ መከልከሉን፣ ሳሪስ ካለው መጋዘን ከዘበኝነቱ ከቀረ ደግሞ ቤታችሁ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ታበስዪላቸው የነበሩት ጀርመኖች አገራቸው ሲገቡ ከማቀዝቀዣው ጋር ትተውልሽ የሄዱትን ካርቶን ከአልጋ ሥር አውጥተሽ "ይኸው የብስክሌት ሞተር፤ አስገጥመውና በሕይወት ኑርልኝ" ያልሽው አንቺ መሆንሽን ነግሮኛል። ይህን አልነቅፍብሽም። እኔም በቦታሽ ብሆን አደርገው ነበር።

ሞተሩ ክዳን የተደፋበት ድስት ነው የሚመስለው። የጎማው እምብርት ሆኖ መሐል ይቀመጣል፤ ባትሪው ከኋላ ወንበሩ ላይ ይታሰራል፤ እጀታውን ሲጠመዝዙት የፊት ጎማው ራሱ ይጎትታል። ቄራ አካባቢ ያለ አንድ ሰው ሞተሩን ከቸርኬው ጋር በራጂ አስሮለት ኖሯል፤ ራጂ የምንለው ከመሐል ወደ ዳር የሚወጠረውን ቀጭን ሽቦ ነው። ግማሹ የከረረ፣ ግማሹ የላላ፣ ያልተቃኘ ክራር ነበር የሚመስለው። ብስክሌቱ ላይ የገጠመው ግን ወጋየሁ ራሱ ነው። የደነገጥኩትም ራጂውን አይቼ ሳይሆን አገጣጠሙን አይቼ ነው።

አንቺ የዚህ ሙያ ሰው ስላልሆንሽ ላስረዳሽ፤ ልብ ብለሽ አንብቢው፤ የልጆችሽ አባት የተንጠለጠለው በዚህ ነገር ላይ ነውና። በተራ ብስክሌት የፊት ጎማው መሐል የሚያልፍ ብረት አለ፤ ፔርኖ እንለዋለን። ፔርኖው ጫፍና ጫፉ ጎማውን ግራና ቀኝ በሚይዘው ሹካ አፍ ውስጥ ይገባና በሁለት ዳዶ ይታሰራል። ጎማው በላዩ ይሽከረከራል፤ እሱ ሸክሙን ተሸክሞ ዝም ይላል። ሞተር ያለበት ጎማ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት በገፋ ቁጥር ፔርኖውን ወደ ኋላ ይጠመዝዘዋል። ፔርኖው ጠንክሮ ካልተያዘ በሹካው አፍ ውስጥ ይዞራል፤ ሲዞር ዳዶውን ይገፋል፣ የሞተሩን የኤሌክትሪክ ገመድ ይበጥሳል፣ የሹካውን አፍ ይበረግደዋል። ከዚያ ጎማው ብቻውን መንገዱን ይሄዳል፤ ሰውየው በግንባሩ ይተከላል። የኋላ ጎማ ቢወልቅ ሰው ይወድቃል። የፊት ጎማ ከወለቀ ግን ስንቱ ወድቆ እንደቀረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ያንን ዳዶ ወጋየሁ ያሰረው ለሕፃን ቁልፍ እንደሚቆለፍለት በለስላሳው ነበር። በቁልፍ ሳይሆን በሁለት ጣቴ ፈታሁት።

እውነቱን ልጻፍልሽ። ያን ጊዜ ከእኔ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር። የጠየቀኝን አቃንቼ በሰላም ግባ ብዬ ብሸኘው ማንም ምን አጠፋሽ አይለኝም። መካኒሳ ቁልቁለት ላይ እጀታውን አንዴ ቢጠመዝዝ አለቀ። ይህን ያሰብኩት ጎማው በእጄ ላይ ዞሮ እስኪቆም ድረስ ነው። ከዚያ "አውርደው" አልኩት። "ምኑን?" አለኝ። "ሞተሩን። እንዲህ ሆኖ ከእኔ ደጅ የሚወጣ ብስክሌት የለም" አልኩት። "አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ነገር ማግነን ትወጃለሽ" እያለ አወረደው።

ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ወረቀት በጀርመንኛ ቢጻፍም ሥዕሉ ማንም የሚያነበው ነው። ሥዕሉ ላይ አንድ አጭር ብረት አለ፤ በአንድ ጫፉ የፔርኖውን ጠፍጣፋ ጎን የሚነክስ አፍ አለው፤ በሌላው ጫፉ ከሹካው እግር ጋር ይታሰራል። ፔርኖው ልዙር ሲል እንደ ክንድ አፈፍ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ካርቶኑን ገለበጥኩት፤ የለም። "ይህንን ብረት የት አደረስከው?" አልኩት። "የምን ብረት?" አለ። "ጫፉ ላይ አፍ ያለው፣ መዳፍ የሚያህል።" ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አሰበ፤ ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "ቢራ የምንከፍትበት ነዋ!" አለኝ።

ይኸው ነው። ማቀዝቀዣሽ እጀታ ላይ በገመድ አንጠልጥለሽ ለደንበኞችሽ ቢራና ለስላሳ የምትከፍቺበት ብረት፣ ባልሽ ከነጥርሱ እንዲመለስልሽ የተሠራ ብረት ነው። ሀኒፋ ይህን ስትሰማ ከሽንኩርቷ ክምር ላይ ልትወድቅ ነበር። "በሱ ነፍስ ጠርሙስ ሲከፍቱ ከርመዋል በይኛ!" አለች። እኔ በዚህ አልፈርድብሽም። ጠርሙስም በደንብ ሳይከፍት አይቀርም። "ቅዳሜ ይዘኸው ና" አልኩት ወጋየሁን። "እሺ" አለ። በየሳምንቱ "ረሳሁት" እያለ እስከ ዛሬም አላመጣውም።

እኔ ግን እሱ እስኪያስታውስ አልጠበቅሁም። ከቤቴ ሲወጣ ጥሎት ከሄደው መሣሪያ መሐል ባለ አሥር ቁጥር ቁልፍ አለ፤ አፉ የፔርኖውን ጎን ልክክ አድርጎ ይነክሳል። ሞርሳ ላይ አስሬ ከወገቡ በመጋዝ ቆረጥኩት። ወጋየሁ መጋዙን እያየ "የአባቴ ቁልፍ እኮ ነው" አለኝ። "እንግዲህ አባትህ ይያዝህ" አልኩት። ቁራጩን ክንድ አድርጌ በአንድ ጫፉ ፔርኖውን አስነክሼ፣ በሌላው ጫፉ የመኪና የውሃ ጎማ በሚታሰርበት የብረት ቀበቶ ከሹካው እግር ጋር አጠበቅሁት።

ራጂውን ሁሉ አውልቄ እንደ አዲስ አሰርኩ። ሞተሩ ሆደ ሰፊ ስለሆነ አጭር ራጂ ነው የሚፈልገው፤ አንድ በአንድ ቆርጬ ጥርስ አወጣሁላቸው። ፔርኖው ለሹካው አፍ ወፍራም ሆኖ ነበርና አፉን ሞረድኩት፤ ትንሽ እየሞረድኩ፣ እየለካሁ፣ ደግሞ ትንሽ፤ አንዴ የሰፋ አፍ አይጠብምና። ዳዶው ሥር የምትገባዋን ስስ ቀለበት፣ ሮንዴላዋን፣ ጥርሷን ወደ ውስጥ አድርጌ አስገባኋት። ገመዱን ዝናብ ተከትሎት ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ወደ ታች አስጎንብሼ አሰርኩት። ከዚያ ሹካውን በግንድ ላይ ደግፈን ጎማውን ከመሬት አነሣነውና "ጠምዝዝ" አልኩት። ጠመዘዘ። ጎማው ወደ ኋላ ዞረ።

ወጋየሁ "አየሽ፣ ወደ ኋላ ነው የሚለው። ቤቱን አልረሳም" አለኝ። "ሞተሩን ገልብጠህ ይዘኸልኝ ነው፤ ገመዱ በግራ ነው መውጣት ያለበት፤ ባክህ ያዝ" አልኩት። ገለበጥነው። ወደ ፊት ዞረ፤ ድምፁም ንብ እንደገባበት ቅል ነው። ብስክሌቱን አውርደን ከደጄ እስከ ጎፋ ገብርኤል ያለውን ዳገት ፔዳል ሳይረግጥ ወጣው። ልጆቹ "ጋሼ ያለ እግሩ እየሄደ ነው!" እያሉ ግልብጥ ብለው ተከተሉት። ሲመለስ ያ አመድ ፊቱ ላይ አልነበረም። ይህን የምነግርሽ ሥራው የተዋጣለት እንደነበር እንድታውቂ ያህል ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ አይላላም። ጉራ አይደለም፤ ወጣት ሳለሁ ራጂ መወጠር ያስተማረኝ ራሱ ወጋየሁ ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቸርኬ ሲጣመምበት የሚያመጣው ለእኔ ነበር። ሆኖም በሚቀጥለው ቅዳሜ "ይንቀጠቀጥብኛል" ብሎ መጣ። ባየው ዳዶው ላልቷል። በራሴ ተናድጄ አጠበቅሁት። በሳምንቱም መጣ፤ ላልቷል። ሮንዴላውን ለወጥኩ። በሳምንቱም ላልቷል። ጾም ገባ፣ ጾም ወጣ፣ ፋሲካም አለፈ፤ ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ያ ዳዶ ይላላል። ሀኒፋ በሩቅ ስታየው "ወይዘሮ ዳዶ፣ ልጅሽ መጣ!" ትለኝ ጀመር።

እኔ ዳዶውን ሳጠብቅ እሱ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የልጆቹን ጎማ ይለጥፋል፣ ፍሬን ያስተካክላል፣ መንፊያውን ያነሣል። የትኛው ዕቃ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ አልረሳም፤ ስጠይቀው ሳያይ ነው አንሥቶ የሚያቀብለኝ። ስለ አንቺም ክፉ ተናግሮ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ጠብቄ ነበር። ስለ ልጆቹ ያወራል፣ አንቺ ለልቡ ብለሽ ጨው ስለቀነስሽበት ወጥ ያወራል፤ ከዚያ ወደ ማታ ይሄዳል። ላንቺ የዕድር ስብሰባ አለብኝ እንደሚልሽ ነግሮኛል። ዕድር በየሳምንቱ እንደማይሰበሰብ ታጪዋለሽ ብዬ አላምንም። ለምን ዝም እንዳልሽው ግን አልጠይቅሽም።

አንድ ቅዳሜ ዳዶውን በጨርቅ ጠርጌ ወደ ብርሃን ሳቀርበው ጠርዙ ተነክሷል። የፒንሳ ጥርስ ነው። በእኔ ሱቅ ዳዶ በፒንሳ አይነካም፤ የነካ ይባረራል። በራሱ የላላ ዳዶ ላይ ደግሞ የፒንሳ ጥርስ አይበቅልም። መልሼ አጠበቅሁት። ሀኒፋ ከወዲያ "ምነው፣ ዳዶ አይተሽ ፊትሽ በራ?" አለችኝ። ሀኒፋ የማትለው የለም። ፀሐይ ነው አልኳት።

ከዚያም ሳምንታት አለፉ። ለእሱ አስቤ፣ ወይም ያሰብኩ መስሎኝ፣ አንድ ቀን እንዲህ አልኩት፦ "ስማኝ ወጋየሁ፤ ይህ ዳዶ ቢላላም የአባትህ ቁልፍ ፔርኖውን እስከያዘው ድረስ ጎማው አይወልቅም። በየሳምንቱ መምጣት አያስፈልግህም።" "አያስፈልገኝም?" አለኝ። "አያስፈልግህም" አልኩት። ብስክሌቱን ይዞ ሄደ። የሰማኝ መስሎኝ ነበር። ሰምቶኛልም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቤትሽ ከመውጣቱ በፊት ዳዶውን ብቻ ሳይሆን የክንዱንም ማሰሪያ ፈታው።

አሁን ላንቺ ውሻ ገባብኝ ብሎ የነገረሽን ቀን ልንገርሽ። መካኒሳን ቁልቁል ሲወርድ፣ ድልድዩ ጋ ሳይደርስ፣ ለዳገቱ ኃይል ልያዝ ብሎ እጀታውን ጠመዘዘ። ፔርኖው ዞረ። ገመዱን እንደ ፈትል ጠቅልሎ በጠሰው፤ በቀኝ በኩል ከሹካው አፍ ወጣ። ብስክሌቱ በአፉ ተደፋ፤ እሱ ከላዩ ላይ በረረ። ከኋላው ወደ ቄራ ከብት የጫነ መኪና ይመጣ ነበር። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ በሬዎቹ ሁሉ ተንበረከኩ አለኝ። የመኪናው ጎማና የወጋየሁ ራስ መሐል ስንት ርቀት እንደነበር አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም፤ ነገር ግን ሲያወራኝ እጁን እንዲህ አድርጎ ሲለካ መዳፉና መዳፉ ሊነካካ ምንም አልቀረውም ነበር።

ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ብስክሌቱን በኋላ ጎማው እየጎተተ፣ አገጩ እየደማ፣ መዳፉ ተገሽልጦ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥቶ እኔ ደጅ መጣ። "ውሻ ገባብኝ" አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሹካውን አየሁት። የክንዱ ቀበቶ ሳይበጠስ፣ ሳይቧጠጥ፣ ብሎኑ እስከ መጨረሻው ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። "ይህ ውሻ ፒንሳ ነበረው?" አልኩት። አገጩን በእጅጌው ጠረገ። "ምን ያህል አላላኸው?" አልኩት። "አንድ ዙር ብቻ" አለኝ።

ጣውንቴ፣ በዚያ ሰዓት የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፍልሽም። "መሞት ከፈለግህ ገደል ሞልቷል፤ በእኔ ሥራ ላይ ተቀምጠህ አትሙት" አልኩት። "ልሞት ብዬ አይደለም" አለኝ። "ልጆችህን ማን ያሳድግልህ?" አልኩት። ዓይኑን በደማው እጁ ሸፈነ። ታዲያ ምን ብለህ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም። ሀኒፋም ያን ጊዜ አልቀለደችም፤ ውሃ በጆግ አምጥታ እጁን አጠበችለት፣ የአንገት ልብሷን ቀዳ አሰረችለት። ከዚያ ታክሲ አስቁማ አሳፈረችው። ብስክሌቱን እኔ ዘንድ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ተሰረቀ ብሎሽ ከሆነ አልተሰረቀም።

ሰኞና ማክሰኞ ለልጆቹ ብስክሌት አላከራየሁም። "እማማ ታማ ነው?" እያሉ በር በር ሲቆሙ አባረርኳቸው። የተበረገደ የሹካ አፍ ደህና አይሆንም፤ ቀጥቅጠው ቢመልሱት እንኳ ተስፋ አይጣልበትም። ስለዚህ ከሚከራዩት መሐል የጠንካራውን ብስክሌት ሹካ አውጥቼ ለዚህኛው ገጠምኩለት። ክንዱንም በግራ ብቻ የነበረውን በቀኝም ደገምኩት፤ ሁለተኛውን የቆረጥኩት ከራሴ ቁልፍ ነው። የተበጠሰውን ገመድ ቀለሙን ከቀለሙ እያገናኘሁ በቀለጠ እርሳስ አጣበቅሁ፣ በላዩ ጎማ ጠቀለልኩበት። ዳዶውን ኃይሌ የቻለውን ያህል አጠበቅሁና ከላዩ የተረፈውን የፔርኖ ጥርስ በመዶሻና በስል ብረት ዙሪያውን መትቼ አጠፋሁት። አሁን ያንን ዳዶ ቁልፍም ፒንሳም አይፈታውም። መጋዝ ብቻ ነው። ለእሱም አይፈታም፤ ለእኔም አይፈታም። የክንዶቹን ማሰሪያም ብሎኑን በብየዳ አስዘግቼዋለሁ።

ሳልሞክረው ለሰው አልሰጥም። ዛሬ ጠዋት ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ ራሴ ወጣሁበት። ሳቂ፤ ሀኒፋም "ያ ረቢ፣ አሮጊቷ በረረች!" ብላ ስትስቅ ቲማቲም የምትገዛ ሴት ጥላት ሄዳለች። በጎፋ ገብርኤል ወጥቼ፣ በኋላ በር ዞሬ፣ ቁልቁል ወርጄ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ያው የወደቀበት ቦታ ላይ ሆን ብዬ እጀታውን እስከ ጥግ ጠመዘዝኩት። ሹካው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የጎፋን ዳገት እንደተቀመጥኩ ወጥቼ ተመለስኩ። በዚህ ዕድሜዬ ዳገት ተቀምጬ የወጣሁት ዛሬ ነው፤ ነገሩ ደስ ይላል፤ ጀርመኖችሽ ሞኞች አይደሉም።

አሁን የምልሽን ያዢ፤ ይህ ከእንግዲህ ያንቺ ሥራ ነው። እጀታውን ከቆመበት በአንዴ እንዳይጠመዝዝ፤ መጀመሪያ በእግሩ ትንሽ ይርገጥ፣ ከዚያ ይጠምዝዝ። ማታ ማታ ሲገባ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተሽ በእጅሽ ግራና ቀኝ ወዝውዢው። ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ጠዋት አይነዳም፤ በታክሲ ይሂድ። የፊት ጎማው ቢተነፍስ ማውለቅ አያስፈልግም፤ የውጩን ጎማ በአንድ በኩል ከቸርኬው አላቀሽ የውስጡን ጎትተሽ አውጪ፣ ቀዳዳውን እዚያው ለጥፊው። ልጅሽ ከፈለገች ሊያስተምራት ይችላል፤ ለመለጠፍስ እሱም አያንስም። ባትሪው ዝናብ እንዳይነካው። ፒንሳችሁን ደግሞ ለጎረቤት ስጪው።

ብስክሌቱን የሀኒፋ ጋሪ ገፊ ያመጣልሻል፤ ሀኒፋ ራሷ አብራው መጥታ ይህን ደብዳቤ በእጅሽ ትሰጥሻለች። አፏን አትፍሪው። ደብዳቤውን ለእሱ አሳዪው አልልሽም፣ አታሳዪውም አልልሽም። ብቻ ቅዳሜ ጠዋት ልብሱን ለባብሶ በር በሩን ሲያይ ካየሽው አትቆጪው። ልጆቹን አስይዘሽ አብረሽው ውጪ። ቁልቁለቱን ሳይሆን በላፍቶ በኩል ሜዳ ሜዳውን ሂዱ።

ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ትንሹን ጉሮሮውን ይማርልሽ። ደጅሽ ገዢ አይጥፋበት። መጪው ክረምት በሰላም ገብቶ በሰላም ይውጣላችሁ። የጎፋው ገብርኤል የዚያን ሰው ልብ ያበርታው፤ አንቺንም ጨምሬ ስለቴን ተስያለሁ፤ ወድጄሽ እንዳይመስልሽ፤ እሱን የሚጠብቀው ሰው ጤነኛ መሆን ስላለበት ነው።

እኔም ከእንግዲህ የእሱን ዳዶ አላጠብቅም። ቅዳሜ ቅዳሜም ጨው ቀንሼ ለሁለት ሰው ምሳ አልሠራም።

ጣውንትሽ